ሁለት አውራ ጣት

መጀመሪያ ሲያዩት ያስቃል፤
ጓንት ነው ቢሏቸው ማን ያምናል?
አፉ የስልቻ ነው፣ ርዝመቱ እስከ ክርን፣
ይህን የሚያጠልቀው የማን እጅ ይሆን?
እናቴ ትል ነበር፣ ከመርፌው ዓይኗን ሳታነሣ፦
«አስፊው፣ ክር አትሳሺ፤ ልኩን ውኃ አይረሳ።»

በአይስላንድ ምዕራብ፣ በእኛ የባሕር ሰርጥ፣
ለአንድ ጓንት ሁለት አውራ ጣት ይሠራለታል፣ ለለውጥ፤
መንጠቆና ገመድ መዳፉን ሲበላ፣
አዙረው ያጠልቁታል፤ የፊቱ ይሆናል የኋላ፤
ሥራ ፈቶ የኖረ፣ ጎን ላይ የተንጠለጠለ ጣት
ተራው ይደርሰዋል ያን ዕለት።

ጥንድ ሠራሁ ለኦርኖልፉር፣ ለታናሽ ወንድሜ፣
እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣ ተቀምጬ፣ ቆሜ፤
ሬዲዮው የማዕበሉን ከፍታ በየሰርጡ ሲጠራ፣
እጄ ዙሩን ይዞራል፣ እኔን ሳያማክር፣ ለብቻው ሲሠራ።

ቅዳሜ ጠዋት ገበቴውን ሳብኩና
ቧንቧውን ከፈትኩት፣ ሞላ ኩሽና
ከምድር ሆድ በሚወጣ ሙቅ ውኃ፣ በዲን ሽታ።
(እንግዳ ሰው እንቁላል ተበላሸ ይላል፤
እኛ ግን ቤቱ ሞቀ እንላለን።)
ሳሙና ፈቀፈቅሁ፣ ጓንቶቹን ነከርሁ፤
እንደ ረጠበ ድመት ኩምሽሽ ብለው ሰመጡ።
ማሸት ነው እንግዲህ፤
ከሙቁ ወደ ቀዝቃዛው፣ ከቀዝቃዛው ወደ ሙቁ፣
ሰሌዳው ላይ፣ መዳፌ እስኪቀላ፤
ለአንድ ሰዓት ምንም። ምንም።
«የማይረባ ሱፍ ሸጡልኝ» ብዬ ልራገም ስል፣
ያዘ።

ሱፍ ሲይዝ ድምፅ የለውም።
የሹራቡ ዓይኖች አንድ በአንድ ተከደኑ፣
ጠጉር ከጠጉር ተቆላልፎ፣ ዙሮቹ ሁሉ የት እንደገቡ ባከኑ፤
የሳትኩት ዙር እንኳ፣ የሰፋው፣ የጠበበው፣
ማንም ፈልጎ አያገኘው።
ስልቻው አጠረ፣ ወፈረ፣ ጠጠረ፣
መቀስ ቢገባበት ክር የማይሸሽበት አንድ ገላ ሆኖ ቀረ።

ልኩን ለማየት በገዛ እጄ አጠለቅሁት፤
ያኔ ነው ያየሁት።

ግራና ቀኝ የቆሙ ሁለት አውራ ጣቶች፣
የኦርኖልፉርን ቀኝ እጅ የሚጠብቁ፤
ባለፈው የካቲት ግን የመርከቧ ገመድ መጠቅለያ
አውራ ጣቱን ወስዶበታል።
አውቃለሁ። ሆስፒታል ሄጃለሁ።
ነርሷ ፋሻውን ስትፈታ መስኮቱን ነበር ያየሁት፤
እጄ ግን አልሰማም ኖሯል፤
አንድ ለሌለው ሁለት ሠራሁለት።

ሹራብ ቢሆን ይተረተራል፤
ስህተት ተጠቅልሎ፣ ድቡልቡል ሆኖ፣ ቅርጫት ውስጥ ይኖራል።
ውኃ ያያዘው ሱፍ ግን ከአፍ የወጣ ቃል ነው።
መቀስ አነሣሁ። አስቀመጥሁ።
ጋዜጣ ጠቅጥቄ ማሞቂያው ላይ አደረቅሁት፣
ወደብ በሚወርድ በዓሣ መኪና ላክሁት፤
ደብዳቤ የለውም። ምን ተብሎ ይጻፋል?

ሦስት ሳምንት ዝም።
ከዚያ አንድ እሑድ በሩን በክርኑ ገፍቶ መጣ፤
ጓንቶቹ በጨውና በዓሣ ዘይት ጠቁረው፣
ባሕሩም በድርሻው አሽቷቸው፣ ይበልጥ አጥብቋቸው።
የቀኙን አወለቀ፣ ጠረጴዛው ላይ አራገፈ፤
ከአንዱ ባዶ ጣት የጀልባው ቁልፍ ወደቀ፣
ከሌላው የሱረት ብልቃጥ።
በግራው ቆነጠረ፣ ሳበ፣ ሁለቴ አነጠሰ፤
«ሁለት ኪስ ያለው እጅ» አለ፣ «እዚህ ወደብ ከእኔ ሌላ ማን ለበሰ?»

ቀኝ እጁ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ እንደተገለጠ፤
እኔም መስኮቱን አላየሁም።
የግራውን ጓንት አነሣሁ፤ መዳፉን ገመድ በልቶታል፤
«አዙረው» አልኩት። «ተራው ደርሶታል።»